ደም ሥር የሌላቸው የሰውነታችን ክፍሎች እንዴት ይድናሉ?

(በሐዋሳ ለከተማው ነዋሪዎች ከቀረበ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ ቁስል ነው፤ በተለይ ስለማይደማ ቁስል። ክሊኒክ ውስጥ በብዛት ከማያቸው ሰዎች መካከል ዓይናቸው ውስጥ ብረት የገባባቸው ወጣቶችና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎልማሶች አሉ። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ ይድናል ወይ?» ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ሽንኩርት ስንከትፍ ቢላ ጣታችንን ቢቆርጠን ደሙ ይፈስሳል፣ ከዚያ ይረጋል። የረጋው ደም ቁስሉን ይዘጋዋል። ተህዋስ የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች በደም ሥር ተጉዘው ይደርሳሉ፤ ኦክስጅንና ምግብም አብሮ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ጥቃቅን አዳዲስ ደም ሥሮች ወደ ቁስሉ ያድጋሉ። «ቁስሉ ሥጋ እየሞላው ነው» የምንለው ያን ቀይ፣ ሲነኩት ቶሎ የሚደማ ሥጋ ነው። መጨረሻ ላይ ጠባሳ ይቀራል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩን የሚያስኬደው ደም ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ግን ደም ሥር ጨርሶ የማይገባባቸው ክፍሎች አሉ። የዓይናችን የፊት ሽፋን፣ የዓይን ሌንስ፣ የመገጣጠሚያ ልም አጥንት፣ ከጀርባ አጥንቶች መካከል ያለው የዲስክ አብዛኛው ክፍል፣ የቆዳችን የላይኛው ሽፋን፣ የጥርስ ኢናሜል፣ ጥፍርና ፀጉር ከነዚህ ናቸው። ጉዳት ሲደርስባቸው አንዳንዶቹ ባንድ ሌሊት ይድናሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ዕድሜ ልክ እንደተጎዱ ይቀራሉ። ልዩነቱ እንዲገባን ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጥያቄ እናቅርብ። ምግቡ በየት በኩል ይደርሰዋል? የሞተውን ሴል የሚተካ አዲስ ሴልስ ከየት ይመጣለታል? የሁለቱ መልስ ከታወቀ ቤታችን ውስጥ ምን ማድረግ እንዳለብን፣ ምን ማድረግ እንደሌለብንም አብሮ ይታወቃል።

ከዓይን ልጀምር። በጥቁሩ የዓይናችን ክፍል ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያ ይባላል። መሃሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን ወደ ዓይን የሚገባው በእሱ በኩል ስለሆነ ደም ሥር ቢኖረው ኖሮ ጥርት ብሎ ማየት ባልቻልን ነበር። ቤታችሁ ስትገቡ መስታወት ፊት ቁሙና ዓይናችሁን አስተውሉ። ነጩ ላይ ቀጫጭን ቀይ መስመሮች ታያላችሁ፤ ነጩና ጥቁሩ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ይቆማሉ። በጤነኛ ዓይን አንዱም አያልፍም። ኮርኒያው ራሱ ነው የሚያስቆማቸው፤ ደም ሥር እንዲያድግ የሚያደርገውን ኬሚካል ይዞ የሚያስቀር ፕሮቲን ያመርታል። ተመራማሪዎች ይህን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ታዲያ በምን ይኖራል? ኦክስጅኑን በአብዛኛው የሚያገኘው ከአየር ነው፤ አየሩ በእንባ ሟሙቶ ይገባለታል። ምግቡ የሚመጣለት ደግሞ ከበስተኋላው ካለው የዓይን ውስጥ ፈሳሽ ነው። ኮንታክት ሌንስ እንዳደረጉ መተኛት አደገኛ የሚሆነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ ዓይን ተጨፍኖ አየር ባነሰበት ሰዓት ሌላ ክዳን ይጨመርበታል።

አሁን ጉዳቱን በቅርበት እንየው። ግራይንደር ላይ ሲሠራ የነበረ ወጣት አንድ ዓይኑን በመሐረብ ይዞ፣ እንባው እየፈሰሰ ይመጣል። ዓይኑን መግለጥ አይችልም፤ ኮርኒያ ደም ሥር ባይኖረውም በነርቭ ብዛት ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ የሚበልጠው የለም። ፍሎረሲን የሚባል ብርቱካናማ ቀለም የነካ ቀጭን ወረቀት በታችኛው የዓይን ቆብ ውስጥ ነካ አደርገዋለሁ። አንዴ ሁለቴ ይጨፍናል፣ ቀለሙ በእንባው ይሰራጫል። መብራት አጥፍቼ ሰማያዊ ብርሃን ሳበራበት ጤነኛው ክፍል ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ የተፋቀው ቦታ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። የብረቷ ፍንጣሪ ካደረች በዙሪያዋ ቡናማ የዝገት ቀለበት ሠርታለች። ፍንጣሪዋ ወጥታ፣ ዝገቱ ተጠርጎ፣ ተህዋስ እንዳይገባ ቅባት ተሰጥቶት ይሄዳል። በማግስቱ ሲመለስ አረንጓዴው አንሷል። ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ምንም አይታይም፤ ጠባሳ እንኳን የለም።

ያለ አንድ ጠብታ ደም ይህ እንዴት ሆነ? ከቁስሉ ዳር ያሉት ሴሎች በሰዓታት ውስጥ ከጎረቤቶቻቸው ላላ ይላሉ፣ ይሳሳሉ፣ ከዚያም ተንሸራተው ክፍተቱን ይሸፍናሉ። ከተሸፈነ በኋላ መባዛት ይጀምራሉ፤ ሽፋኑ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ይመለሳል። አዲሶቹን ሴሎች የሚወልዱት እናት ሴሎች ያሉት ቅድም መስታወት ላይ እንድታዩት ባልኳችሁ ጠርዝ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ደም ሥር አለ። የኮርኒያ የላይኛው ሽፋን ሳይጎዳም በሳምንት ገደማ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። ምግብም ሴልም አለው፤ ስለዚህ ይድናል።

ቁስሉ ከላይኛው ሽፋን ካለፈ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከሥሩ ያለው ስስ ንብርብር አንዴ ከተቀደደ እንደነበረ አይተካም፤ ከዚያ በታች ያለው ክፍል ደግሞ የሚጠገነው በነጭ ጠባሳ ነው። ጣት ላይ ያለ ጠባሳ ሥራ አያስፈታም፤ በብሌን ፊት ያለ ጠባሳ ግን ብርሃን ይከለክላል። ጠባሳው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ጭረት አይደለም፤ ጭረቱን ተከትሎ ከገባው ተህዋስ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ከሩቅ ጠርዝ ተነስተው እስኪደርሱ ተህዋሱ ጊዜ ያገኛል።

ለዚህ ነው የተፋቀ ዓይን ውስጥ የቅጠል ጭማቂ፣ ምራቅ፣ የጡት ወተት ወይም ሌላ ነገር አትጨምሩ የምለው። ይህን ስል የአያቶቻችንን የባህል ሕክምና ንቄ አይደለም፤ ዓይን ግን ንጹሕ ያልሆነ ነገር የመቋቋም አቅሙ ትንሽ ነው። በተለይ የበቆሎ ቅጠል ወይም እንጨት ዓይኑን የገረፈው ገበሬ በፈንገስ ሊያዝ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ከመድኃኒት ቤት ዴክሳሜታዞን (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ገዝቶ ከጨመረ መቅላቱ ለጊዜው ይቀንስለታል፣ ፈንገሱ ግን ይበረታል። ሕመም የሚያደነዝዘው ጠብታም ለምርመራ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቤት ተወስዶ በየሰዓቱ ከተጨመረ ሴሎቹ ተንሸራተው ቁስሉን እንዳይሸፍኑ ያደርጋል። የዓይን ጠብታ ለሰው አይዋስም፣ በግምትም አይገዛም።

ኖራና ሲሚንቶ ለብቻቸው ልጥቀስ። ግንባታ ላይ የምትሠሩ ስላላችሁ በደንብ ስሙኝ። ኖራ ዓይን ውስጥ ሲገባ ጠልቆ ያቃጥላል፤ ከሁሉ የከፋው ጠርዙ ላይ ያሉትን እናት ሴሎች መግደሉ ነው። እነሱ ከሞቱ ኮርኒያው አዲስ ሴል ከየትም አያገኝም፣ ደም ሥሮቹንም የሚያስቆማቸው የለም፤ የነጩ ሽፋን ደም ሥሮቹን ይዞ ብሌኑ ላይ ይወጣል። የሚደረገው አንድ ነገር ነው፦ እዚያው፣ በዚያው ደቂቃ፣ ባለው ንጹሕ ውሃ ዓይኑን ገልጦ ሩብ ሰዓት፣ ከተቻለ ግማሽ ሰዓት ያለማቋረጥ ማጠብ። ባጃጅ ፍለጋ የሚወጣው ከታጠበ በኋላ ነው።

ሀገራችን በትራኮማ በዓለም እጅግ ከተጎዱት አንዷ ናት። በትራኮማ ጠባሳ የተነሳ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሽፋሽፍቱም ዓይን በተጨፈነ ቁጥር ኮርኒያውን ይፍቃል። ሌሊት የዳነው ጠዋት ይፋቃል። እናቶች በወረንጦ ፀጉሩን እየነቀሉ ዓመታት ይገፋሉ፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል፣ ሲበቅል ደግሞ ጫፉ ይወጋል። ቆቡን የሚያቀናው ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ በሠለጠኑ ባለሙያዎች በጤና ጣቢያም ይሠራል። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ወረንጦ ከእጃቸው የማይለይ ከሆነ እባካችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ። ኩፍኝ የወጣበት ልጅም እንዲሁ ቶሎ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ኩፍኝ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ ያሟጥጣል፣ ቫይታሚን ኤ ያነሰው ሕፃን ኮርኒያ ደግሞ ደርቆ በአጭር ጊዜ ሊቀልጥ ይችላል።

ኮርኒያ ከውስጥ በኩል አንድ ረድፍ ሴሎች ብቻ የሆነ ሽፋን አለው። የነዚህ ሴሎች ሥራ ወደ ኮርኒያው የሚገባውን ውሃ ሌት ተቀን እየሳቡ ማውጣት ነው፤ ጥርት ብሎ የሚቆየው በዚህ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ ወገኖቻችን ዓሣው ትኩስ መሆኑን የሚያውቁት ዓይኑን አይተው ነው። ጥርት ያለ ከሆነ ዛሬ የወጣ ነው፤ ከደበዘዘ የቆየ ነው። እንስሳው ሲሞት ውሃ የሚስቡት ሴሎች ይቆማሉ፣ ኮርኒያው ውሃ ይቋጥርና ይደበዝዛል። በሰው ላይ እነዚህ ሴሎች ከሞቱ አይተኩም፤ በአዋቂ ሰው ዓይን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 2,500 ያህል አሉ፤ ሲያንሱ የቀሩት እየሰፉ ክፍተቱን ይሸፍናሉ እንጂ አይባዙም። ከልክ በላይ ካነሱ መድኃኒቱ የሌላ ሰው ኮርኒያ ብቻ ነው።

ስለ ንቅለ ተከላው ትንሽ ልበል፤ ደም ሥር ማጣት እዚህ ላይ ጉዳት መሆኑ ቀርቶ ጥቅም ይሆናልና። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1905 ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምንላት ሀገር፣ ኦሎሞውትስ በተባለች ከተማ፣ ኤድዋርድ ዚርም የተባሉ ሐኪም ሁለቱንም ዓይኖቹን ኖራ ያቃጠለው የቀን ሠራተኛ መጣላቸው። ብረት ገብቶበት ዓይኑ መውጣት ከነበረበት የ11 ዓመት ልጅ ኮርኒያ ወስደው ተከሉለት። በአንዱ ዓይን አልያዘም፤ በሌላው ግን ያዘ፣ ሰውየውም ወደ ሥራው ተመለሰ። ያኔ ሰውነት ባዕድ አካልን እንዳይቃወም የሚያደርጉት የዛሬዎቹ መድኃኒቶች አልነበሩም። ኮርኒያው የያዘው የሰውነታችን መከላከያ በደም ሥር ስለሚጓዝ፣ ደም ሥር በሌለበት ደግሞ ቶሎ ስለማይደርስ ነው። ዛሬም ለኩላሊት የሚደረገው የደም ዓይነት ማመሳሰል ለኮርኒያ አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ ተቋቁሟል። መነፅር የሚያደርግ ሰውም፣ የዓይን ሞራ የተገፈፈለትም መለገስ ይችላል። ኮርኒያው የሚነሳው ሰው ከሞተ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሆነ ለመለገስ ያሰበ ሰው ሐሳቡን ዛሬውኑ ለቤተሰቡ ይንገር፤ በለቅሶ ሰዓት ቤተሰብ ያልሰማውን ነገር መወሰን ይከብደዋል።

ወደ ጉልበት እንምጣ። የዶሮ ቅልጥም ስትግጡ ጫፉ ላይ ነጭ፣ የሚያዳልጥ፣ ጥርስ ሲያርፍበት ቀርጨጭ የሚል ነገር አለ። ልም አጥንት ወይም ካርቲሌጅ የምንለው እሱ ነው። በእኛም ጉልበት ውስጥ የአጥንቶቹ ጫፎች በእሱ ተሸፍነዋል፤ በአብዛኛው ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ደም ሥርም ነርቭም የለውም። ነርቭ ስለሌለው ሲበላ አይሰማንም፤ ሕመሙ የሚመጣው ጉዳቱ ሥሩ ያለውን አጥንት ወይም የመገጣጠሚያውን ሽፋን ሲነካ ነው። ሰው ዘግይቶ የሚመጣው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሁለቱን ጥያቄዎቻችንን እናቅርብለት። ሴሉ ከየት ይመጣል? ከልም አጥንት ይዘት ሴሎቹ ከ1 እስከ 5 በመቶ ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱም በጠባብ ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶበት ይኖራል። እንደ ኮርኒያው ሴሎች ተንሸራቶ ወደ ተጎዳው ቦታ መሄድ አይችልም። ዊልያም ሃንተር የተባሉት ስኮትላንዳዊ የአካል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1743 የተጎዳ የመገጣጠሚያ ልም አጥንት ተመልሶ እንደማይተካ ጽፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያስተባበላቸው የለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2016 የዴንማርክ ተመራማሪዎች አስደናቂ መንገድ ተጠቅመው አረጋገጡት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተደረገው የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ ወደ አየር የለቀቀው ልዩ ካርቦን በምግብ በኩል በዚያ ዘመን ያደጉ ሰዎች አካል ውስጥ ገብቷል። ያንን ካርቦን ሲለኩ በአዋቂ ሰው ጉልበት ያለው የልም አጥንት ዋና ክር፣ ኮላጅን የሚባለው፣ ሰውየው ልጅ ሳለ የተሠራው መሆኑን አገኙ። ለዕድሜ ልክ የተሰጠን በልጅነት የተሠራው ነው።

ምግቡስ? እዚህ ላይ በእጃችን ያለ ነገር አለ። ከልም አጥንት ክብደት ከ65 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ስንረግጥ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ይጨመቅና ውሃው ይወጣል፤ እግራችንን ስናነሳ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ኦክስጅንና ምግብ የያዘ ውሃ መልሶ ይመጥጣል። የልም አጥንት ምግብ በአብዛኛው በእንቅስቃሴ ነው የሚደርሰው። ለሳምንታት በጀሶ የታሰረ ወይም አልጋ ላይ የዋለ እግር ልም አጥንቱ ይሳሳል፣ ይለሰልሳልም። «ጉልበቴን ስላመመኝ ቁጭ ብያለሁ» የሚሉኝን ሰዎች አጥብቄ የምመክረው ለዚህ ነው። ሮበርት ሳልተር የተባሉ ካናዳዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በጥንቸሎች ጉልበት ላይ ልም አጥንቱን በስተው ነበር። ጉልበታቸው ከታሰረባቸው ጥንቸሎች ይልቅ በማሽን ቀስ እያለ ያለማቋረጥ የሚንቀሳቀስላቸው በጣም የተሻለ ልም አጥንት አበቀሉ።

የተበሱት ጥንቸሎች ሌላም ነገር ያስተምሩናል። ቀዳዳው ከልም አጥንቱ አልፎ አጥንት ከነካ ደም ይመጣል፤ ከመቅኔ የተነሱ ሴሎችም አብረው ይመጣሉ። ላይ ላዩን የተጫረው ሳይድን እየቀረ አጥንት ድረስ የዘለቀው ይሞላል ማለት ነው። የአጥንት ሐኪሞች ይህን አውቀው በልም አጥንቱ ጉድጓድ ሥር ያለውን አጥንት በጥቃቅን ቀዳዳ ይበሳሉ፤ ደሙ ይረጋል፣ ጉድጓዱም ይሞላል። የሚሞላው ግን ጠባሳ መሰል ሻካራ ልም አጥንት ነው፤ እንደ መጀመሪያው አያዳልጥም፣ ዕድሜውም ያጥራል። እ.ኤ.አ. በ1994 የስዊድን ሐኪሞች ከሰውየው ከራሱ ጉልበት ጥቂት ሴሎች ወስደው፣ ላብራቶሪ ውስጥ አባዝተው፣ መልሰው መትከላቸውን አሳወቁ። ጥሩ ውጤት አለው፤ ግን ውድ ነው፣ የሚሆነውም ጉልበቱ በሙሉ ላላለቀበት ሰው ነው።

ኳስ የምትጫወቱ ልጆች ሜኒስከስ የሚለውን ስም ታውቁታላችሁ። በጉልበት ውስጥ ያሉ ሁለት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ልም አጥንቶች ናቸው። አርኖችኪና ዋረን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳዩት በአዋቂ ሰው ሜኒስከስ ደም ሥር የሚገባው ውጭኛው ጠርዝ ላይ፣ ከስፋቱ ከ10 እስከ 30 በመቶ ድረስ ብቻ ነው። ቅደቱ እዚያ ከሆነ በስፌት የመዳን ተስፋው ጥሩ ነው፤ ውስጠኛው ጫፍ ላይ ከሆነ ግን ብቻውን አይገጥምም። ስለዚህ ጓደኛህ በእረፍት ዳነ ማለት አንተም ትድናለህ ማለት አይደለም፤ የት ጋ እንደተቀደደ መታወቅ አለበት። ጉልበት ባበጠ በዚያው ሰሞን ወጌሻ ዘንድ ሄዶ በኃይል ማሳሸትና ማስጎተት ትንሹን ቅደት ትልቅ ሊያደርገው ይችላል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ደም ሥር የለውም፤ ከሥሩ ካለው ቆዳ ይመገባል፣ በወር ገደማም ይታደሳል። ሳይደማ የተጫረ ቆዳ ጠባሳ የማይተወው ለዚህ ነው። የዓይን ሌንስ በተቃራኒው ሴሎቹን ፈጽሞ አይጥልም፤ በላይ በላዩ እያበቀለ ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ ፕሮቲኑ ሲደፈርስ የዓይን ሞራ ይሆናል። ዓሣ ስትቀቅሉ ከዓይኑ የምትወጣው ነጭ ጠጣር ድቡልቡል ሌንሱ ናት፤ ጥሬው እያለ ጥርት ያለች ነበረች። የተቀቀለ ፕሮቲን ወደ ኋላ እንደማይመለስ ሁሉ የሰው ሞራም በጠብታ አይመለስም፤ ሌንሱ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካል። የጥርስ ኢናሜል ደግሞ ጨርሶ ሴል የለውም። የሠሩት ሴሎች ጥርሱ ድድ ጥሶ ሲወጣ ይጠፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጠጋኝ ምራቅ ብቻ ነው፣ እሱም ገና ጉድጓድ ያልሆነውን መሳሳት ነው በማዕድን የሚሞላው። እኛ በስምጥ ሸለቆ የምንኖር ሰዎች ብዙዎቻችን ጥርሳችን ላይ ያለው ቡናማ ምልክት በልጅነታችን፣ ኢናሜሉ ሲሠራ፣ ከጉድጓድ ውሃ በገባ ብዙ ፍሎራይድ የመጣ ነው። በማፋቅ አይለቅም፤ የሚጠቅመው ለሕፃናቱ ፍሎራይዱ ያነሰ ውሃ መፈለግ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከተጠየቁት የተወሰኑትን እዚህ ጨምሬያለሁ።

አንዲት እናት «የቅልጥም መረቅ ብጠጣ ጉልበቴ ውስጥ ያለቀው ይተካልኛል ወይ?» አሉኝ። እናቴ፣ መረቁ ጥሩ ምግብ ነው፣ ይጠጡት። ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን እንደማንኛውም ፕሮቲን ተፈጭቶ ይበታተናል፤ ወደ ጉልበት የሚልከው የለም። ከመረቁ ይልቅ ሁለት ነገር ይረዳዎታል። የመጀመሪያው ክብደት ነው፤ በጥናት እንደታየው አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። ሁለተኛው የጭን ጡንቻ ማጠንከር ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀጥ አድርገው አንስተው ትንሽ ያቆዩት፣ ይመልሱት፣ ይደጋግሙት። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ብስክሌት መንዳት የሚችል ሰው ካለ ጉልበትን ሳይጫን የሚያንቀሳቅስ ከሱ የተሻለ ነገር አላውቅም።

አንዲት ወጣት ደግሞ ጆሮዋን ከላይ፣ ጠንካራው ላይ፣ ተበስታ ለወራት እንዳልዳነላት ነገረችን። የታችኛው የጆሮ ጫፍ ሥጋና ስብ ስለሆነ ደም አለው፣ ቶሎም ይድናል። የላይኛው ልም አጥንት ነው፤ የሚመገበው ከላዩ ከተለጠፈው ስስ ሽፋን ነው። ተህዋስ ገብቶ መግል በሽፋኑና በልም አጥንቱ መካከል ከቋጠረ ምግቡ ይቋረጥና ልም አጥንቱ ይሞታል፤ ጆሮው ይጨማደዳል። በአፍ የሚዋጥ መድኃኒትም በደም ስለሚጓዝ እዚያ በደንብ አይደርስም። የጆሮሽ የላይኛው ክፍል ቀልቶ ካበጠ፣ ከጋለና ካመመሽ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ይየው።

የመጨረሻውን ጥያቄ ያነሳው ጭነት የሚያወርድ ወንድማችን ነው። «ዲስክ ተንሸራቶብሃል ተብያለሁ፤ እግሬ ድረስ ይወጋኛል። ኦፕራሲዮን ካልሆንኩ አይድንም ወይ?» አለ። ዲስክ በሰውነታችን ካሉት ደም ሥር የሌላቸው ክፍሎች ትልቁ ነው። መሃሉ ያሉት ሴሎች ምግባቸውን የሚያገኙት ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጠብ ጠብ እያለ ነው፤ ስለዚህ እዚያው ባለበት የተሰነጠቀ ዲስክ በደንብ አይጠገንም። ተንሸራቶ የወጣው ቁራጭ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ከዲስኩ ሲወጣ ደም ሥር የሞላበት ቦታ ላይ ያርፋል። ሰውነት እንደ ባዕድ ያየዋል፤ ጥቃቅን ደም ሥሮች ይከቡታል፣ ቆሻሻ የሚውጡ ነጭ የደም ሴሎች ገብተው ቀስ በቀስ ይበሉታል። በወራት ልዩነት በተነሱ የኤምአርአይ ምስሎች ላይ ቁራጩ ሲያንስ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሲጠፋ ይታያል፤ ጨርሶ ተገንጥሎ የወጣ ቁራጭ ደግሞ ሳይገነጠል ከተወጠረው ይልቅ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ያለ ኦፕራሲዮን ይሻለዋል፤ ከባድ ማንሳቱን ለጊዜው አቁም፣ አልጋ ላይ ግን አትዋል፣ በቻልከው መጠን ተራመድ፣ ሕመሙን ለማስታገስ የሚታዘዝልህን ውሰድ። እግርህ እየሰነፈ ከሄደ፣ ሽንትህን ወይም ሰገራህን መቆጣጠር ካቃተህ፣ ወይም መቀመጫህና በጭኖችህ መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘብህ ግን እስኪነጋ አትጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ግባ።